ጂምኖፕላስትና ፕሮቶፕላስት አንድ ናቸው? በቀይ ሽንኩርትስ ማሳየት ይቻላል?

ጁገል_ባዮሎጂ (ሐረር)
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የቆየ የዕፅዋት መዝገበ ቃላት ውስጥ «ጂምኖፕላስት» የሚል ቃል አለ፤ ፍቺው «ግድግዳ የሌለው ሕዋስ» ይላል። ከፕሮቶፕላስት በምን ይለያል? የሕዋስ ግድግዳ የሚያሟሟ ኢንዛይም ሳይገዛ ለተማሪዎች በማይክሮስኮፕ ማሳየትስ ይቻላል? ስንሞክረው ከቀይ ሽንኩርት የሚወጣው ሕዋስ በጣም ጥቂት ነው፤ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ወዲያው ይፈነዳል።

ከዚራ_ዕፅዋት (ድሬዳዋ)
ቃሉ ከግሪክ ነው፤ «ጂምኖስ» ዕርቃን ማለት ነው። ጥድና መሰሎቹ ዘራቸው በፍሬ ስላልተሸፈነ ጂምኖስፐርም የተባሉት በዚሁ ቃል ነው። «ፕሮቶፕላስት»ን ጀርመናዊው ሃንስታይን በ1880 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው የሕዋሱን ሕያው ክፍል ለመሰየም ነበር፣ በግድግዳ ውስጥ ያለውንም ጨምሮ። «ጂምኖ» የሚለው ቅጥያ ግድግዳው አለመኖሩን ለይቶ ይናገራል። ዛሬ በቤተ ሙከራ ፕሮቶፕላስት ሲባል ግድግዳው የተወገደለት ማለት ስለሆነ፣ ጂምኖፕላስትን የሚጠቀም እምብዛም የለም። የግድግዳ ቅሪት ያለበት ከሆነ ግን ስፌሮፕላስት ይባላል።

በአማርኛ «ዕርቃን ሕዋስ» ቢባል ይሻላል። «የተላጠ» ካልን የፈርንና የሞስ ወንዴ ሕዋሳትን ይተዋል፤ እነሱ ማንም ሳይልጣቸው በተፈጥሯቸው ግድግዳ የላቸውም።

ሽንኩርቱን በተመለከተ ያለ ኢንዛይም ይቻላል። ተመራማሪው ክሌርከር በ1892 እ.ኤ.አ. ፕሮቶፕላስት ያወጣው በምላጭ ቆርጦ ነው። 34 ግራም ስኳር በውሃ አሟሙታችሁ ጠቅላላውን 100 ሚሊ ሊትር አድርሱት። ሐምራዊውን ስስ ልጣጭ ለ15 ደቂቃ ንከሩበት። ሕያው ክፍሉ ተኮማትሮ ከግድግዳው ሲላቀቅ፣ እዚያው ስኳሩ ውስጥ እንዳለ በአዲስ ምላጭ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በቀጠነ ስፋት፣ የሕዋሶቹን ርዝመት አቋርጣችሁ ክተፉት። ጥቂት የሚወጣው ክትፉ ሲወፍር ነው፤ ምላጩ ግድግዳውን ከፍቶ ሕያውን ክፍል ሳይነካ የሚያልፍበት ዕድል አነስተኛ ነው። ከዚያ በ100 ሚሊ 24 ግራም ወዳለበት፣ ቀጥሎም 17 ግራም ወዳለበት ስኳር አሸጋግሩት። ቀስ ብሎ ሲያብጥ በተቆረጠው በኩል ሐምራዊ ሉል ሆኖ ይወጣል። ንጹሕ ውሃ አትጨምሩ፤ ሜምብሬኑ (የሕዋሱ ስስ ሽፋን) ብዙ አይለጠጥም፣ የሚደግፈው ግድግዳም የለም።

ሐረማያ_መንገድ
ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ በድሬዳዋ ሙቀት ግን የስላይዱ ጠብታ ቶሎ ስለሚተን ስኳሩ ይወፍርና ሕዋሱ መልሶ ይኮማተራል። በመሸፈኛ መስታወት ክደኑት፣ ዳር ዳሩን ቫዝሊን ቀቡት።

ብዛት ለምትፈልጉ ግን ኢንዛይም ግድ ነው። መንገዱን የከፈተው ተመራማሪው ኮኪንግ ነው፣ በ1960 እ.ኤ.አ. በቲማቲም ሥር። ለቅጠል የተለመደው ቅመም ኢንዛይሞቹ ሴሉሌዝ 1.5 በመቶና ማሴሮዛይም 0.4 በመቶ፣ እንደ ስኳሩ ከመፈንዳት የሚጠብቀው ማኒቶል 0.4 ሞላር (በ100 ሚሊ 7.3 ግራም)፣ ካልሲየም ክሎራይድ 10 ሚሊሞላር፣ ፒኤች 5.7 ነው። ለጋ የሰላጣ ወይም የትምባሆ ቅጠል በ1 ሚሊ ሜትር ስፋት ክተፉ፤ ምላጩን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ የደነዘዘ ምላጭ ጠርዙን ይጨፈልቀዋል። ከ23 እስከ 25 ዲግሪ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያህል አቆዩት። በ75 ማይክሮሜትር ናይለን አጥሉና በሴንትሪፊውጅ በ100 ጂ (የመሬት ስበት 100 እጥፍ) ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ ብቻ አሽከርክሩ። ከዚያ ያለፈ ፍጥነት ያፈነዳቸዋል። ፒፔቱም ጫፉ ተቆርጦ የሰፋ ይሁን።

በጫትና በቡና ቅጠል አትጀምሩ። ፌኖል ስለሚበዛባቸው ገና ሲከተፉ ይቡናማሉ፣ ኢንዛይሙንም ያዳክሙታል።

ጁገል_ባዮሎጂ (ሐረር)
እጅግ አመሰግናለሁ። ግድግዳው በሙሉ መወገዱን በምን እናውቃለን? ግድግዳን የሚያበራው ቀለም ካልኮፍሎር የለንም፣ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕም የለም።

ከዚራ_ዕፅዋት (ድሬዳዋ)
ቅርጹን እዩ፤ ዕርቃን ከሆነ ሉል ይሆናል፣ ማዕዘን ወይም ሞላላነት ካለው ቅሪት አለበት። ከዚያ በመሸፈኛው አንድ ጠርዝ ውሃ አንጠባጥቡ፣ በሌላው ጠርዝ በሶፍት ምጠጡ። ግድግዳ የሌለው እያበጠ ሄዶ ይፈነዳል፤ ግድግዳ ያለው ይወጠራል እንጂ አይፈነዳም። ውሃ ስትጨምሩ የሚፈነዳባችሁም ለዚህ ስለሆነ፣ ፍንዳታውን ለትምህርቱ መጨረሻ አቆዩት።