ማታ ጸጥ ብሎ መቀመጥ እንዴት ይቻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቀኑን ሙሉ ስሯሯጥ ውዬ ማታ ትንሽ እንኳ ብቻዬን ጸጥ ብዬ መቀመጥ እፈልጋለሁ፣ ቲቪም ስልክም አጥፍቼ ቁጭ ስል ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ገበያ ይቆማል። ያልመለስኩት ሜሴጅ፣ አለቃዬ የተናገረኝ ነገር፣ ነገ የማስረክበው ሪፖርት ሁሉም አንዴ ይመጣብኛል፣ ከዛ ሳላስበው ስልኬን አነሳለሁ። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት? የምሬን ቸግሮኛል።

መልስ 1፦
እህቴ ሀሳቡ ቀን ላይ ፋታ ስላላገኘ ነው ማታ የሚመጣው፣ አትታገይው። እኔን የጠቀመኝ ከመቀመጤ በፊት የነገውን ሥራ ወረቀት ላይ ማውረድ ነው፣ ያውም ዘርዝሮ፣ "ሪፖርት" ብሎ መተው ሳይሆን "የሪፖርቱን ሁለተኛ ሰንጠረዥ አስተካክዬ ጠዋት እልካለሁ" ብሎ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይሄን 57 ወጣቶች ላይ ሞክረውታል፣ ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ የሚቀራቸውን ሥራ የጻፉት የጨረሱትን ከጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ አብዝተው የዘረዘሩት ደግሞ የበለጠ ቶሎ። ጥናቱ ስለ እንቅልፍ ቢሆንም ለመረጋጋትም በጣም ይረዳል ባይ ነኝ።

መልስ 2፦
ወረቀት ይሁን ግን! ስልክ ላይ እጽፋለሁ ካልሽ ኖቲፊኬሽን ይጠልፍሻል፣ የስክሪኑ ብርሃንም ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ይቀንሳል። እኔ ስልኬን ሌላ ክፍል ነው ቻርጅ የማደርገው። ከዛ ጣትሽን የእጅሽ አንጓ ላይ አድርጊና የልብ ምትሽን እየሰማሽ በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ አየር ስታስገቢ ምቱ ትንሽ ይፈጥናል ስታስወጪ ቀስ ይላል፣ ማስወጣቱን ካስረዘምሽው ሰውነትሽ ራሱ ይረጋጋል።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ፣ ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ። የነገው እሺ ተጻፈ፣ ያለፈውስ? የአለቃዬ ንግግር እኮ አልወጣ ብሎኛል ከውስጤ።

መልስ 3፦
እሱን አታባሪው፣ የምትቀመጪው ለሱ ነው። የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ የዋለበትን ቀን፣ የተናገረውንና የሠራውን አንድ በአንድ ይመረምር ነበር፣ ከዛ ራሱን ይቅር ብሎ ይተኛል። አንቺም ከቀኑ አንዷን ነገር ብቻ ምረጪ፣ እሱ ምን አለኝ ሳይሆን እኔን ምኔን ነካኝ ብለሽ ጠይቂ። ነገ የምትነግሪው ነገር ካለ ወረቀቷ ላይ ጨምሪው፣ ከሌለም ማዘን ካለብሽ እዘኚ፣ ምንም ችግር የለውም። ብቻ መጀመሪያ ላይ ከ10 ደቂቃ አታስበልጪው፣ ሲረዝም መብሰልሰል ይሆንብሻል።