አፕግሬድ ልግዛ ወይስ ልጠብቅ? ለቢዝነስ ጌም ወዳጆች ጥቆማ

ጥሩ የቢዝነስ ጌም ጠቁሙን የምትሉ ብዙ ናችሁ። ቅሬታችሁም ይመሳሰላል፦ መጀመሪያ ላይ ገንዘቡ ይጎርፋል፣ አንድ ትልቅ አፕግሬድ (ማሻሻያ) ትገዛላችሁ፣ ከዚያ ካዝናው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ የግራፊክስ ውበት አላወዳድርም። መቼ መግዛት፣ መቼ መጠበቅ እንዳለበት ለተጫዋቹ በደንብ የሚያሳየው የትኛው ነው? የኔ መለኪያ ይሄ ነው። አራት መርጫለሁ። ሦስቱ በነጻ ይገኛሉ፣ አንዱ ይከፈልበታል።

ከቀላሉ ልጀምር፦ አድቬንቸር ካፒታሊስት። ስልክም ላይ ኮምፒውተርም ላይ ይሠራል። ከአንዲት የሎሚ ጭማቂ መሸጫ ትነሱና በጋዜጣ ማደል፣ በመኪና እጥበት፣ በፒዛ አድርጋችሁ እስከ ባንክና ነዳጅ ትወጣላችሁ። ብዙ ሰው «ስክሪን መንካት ብቻ ነው» ብሎ ይንቀዋል። እኔ አልስማማም። ከሥሩ ያለው ሒሳብ ግልጽ ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላየሁም።

በቁጥር እንየው። የመጀመሪያው ጋዜጣ ማደያ 60 ዶላር ነው፤ በየ3 ሰከንዱ 60 ዶላር ያስገባል። በ3 ሰከንድ ዋጋውን መለሰ ማለት ነው። የመጀመሪያው መኪና እጥበት 720 ዶላር ነው፤ በየ6 ሰከንዱ 540 ያስገባል። ዋጋውን ለመመለስ 8 ሰከንድ ይፈጅበታል። እስካሁን ጋዜጣው ይበልጣል። ግን የጋዜጣው ዋጋ በገዛችሁ ቁጥር 15 በመቶ ይጨምራል፣ እያንዳንዱ የሚጨምርላችሁ ገቢ ደግሞ ያው ነው። 11ኛውን ስትገዙ ዋጋው 243 ዶላር አካባቢ ደርሷል፤ እሱን ለመመለስ 12 ሰከንድ ያስፈልጋል። አሁን 243 ዶላሩ ውድ ሆነ፣ 720ው ረከሰ። ዋጋውን በሰከንድ ለሚጨምርላችሁ ገቢ አካፍሉት፤ የሚወጣው ቁጥር ያነሰበትን ግዙ።

ሒሳቡን የሚያዛባ አንድ ነገር አለ። የአንድ ዓይነት ሥራ ብዛት 25 ሲሞላ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። 50 እና 100 ላይም እንደዚሁ። 22 ላይ ከሆናችሁ የሚቀሩት ሦስቱ ለየብቻቸው ሲታዩ አያዋጡም፣ አንድ ላይ ሲታዩ ግን ያዋጣሉ። ዕቅድ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ቀጣዩን ግዢ ብቻ ሳይሆን የግዢዎቹን ሰንሰለት ታያላችሁ።

ጉድለቱ መክሰር አለመቻሉ ነው። ብትሳሳቱ ትጠብቃላችሁ እንጂ ደመወዝ የሚጠይቃችሁ የለም። ገቢን እጥፍ ለማድረግ የሚቀርቡት ማስታወቂያዎችም ዳታ ይበላሉ፤ ሳታዩአቸው መጫወት ይቻላል፣ እንደዚያ ብታደርጉ ይሻላል።

መክሰር የሚያስተምረው ጌም ዴቭ ታይኩን ነው። የሚከፈልበት እሱ ነው። ኮምፒውተርም ስልክም ላይ አለ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጋራዥ ውስጥ ብቻችሁን ጌም መሥራት ትጀምራላችሁ። ገንዘባችሁ 1 ሚሊዮን ዶላር ሲደርስ ወደ ቢሮ መግባት ትችላላችሁ። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ጋራዥ ውስጥ ወጪው ትንሽ ነበር፤ ቢሮ ከገባችሁና ሠራተኛ ከቀጠራችሁ በኋላ ጌሙ ተሸጠም አልተሸጠም ወር በመጣ ቁጥር ደመወዝ አለ። ያለውን ሁሉ በሚያምር መደርደሪያ ላይ ጨርሶ ሸቀጥ መግዣ እንዳጣ ባለሱቅ ትሆናላችሁ።

እዚህ ላይ የማያሳስት መመሪያ አለኝ። ወደ ቢሮ ከመግባታችሁ በፊት ቀጣዩ ጌም ሙሉ በሙሉ ቢወድቅ ከሱ በኋላ ያለው እስኪወጣ ደመወዝ ለመክፈል የሚበቃ ገንዘብ አላችሁ ወይ ብላችሁ አስሉ። ካልበቃ ጋራዥ ውስጥ አንድ ጌም ጨምሩ። የራሳችሁን የጌም ኤንጂን (ጌሞቹ የሚሠሩበትን ሶፍትዌር) ስትሠሩም ተጠንቀቁ። ለእያንዳንዱ ክፍል ትከፍላላችሁ፣ ሥራው እስኪያልቅ ደግሞ ቡድኑ የሚሸጥ ነገር አያወጣም። የአፕግሬዱ እውነተኛ ዋጋ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥርና የእነዚያ ሳምንታት ደመወዝ ድምር ነው። ለኮንሶል (ለጌም ማጫወቻ መሣሪያ) ጌም ለመሥራት የሚገዛው ፈቃድም እንደዚሁ። ከገበያ ሊወጣ ለተቃረበ ኮንሶል ፈቃድ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ከኢትዮጵያ ሆኖ ለእንደዚህ ዓይነት ጌም መክፈል ለብዙዎቻችን ቀላል አይደለም፣ ይገባኛል። ቢሆንም የተሰበረ ኮፒ አትፈልጉ። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ጌሙ ሲወጣ አዘጋጆቹ ራሳቸው አንድ የተሰበረ የሚመስል ኮፒ ኢንተርኔት ላይ ለቀው ነበር። በዚያ ኮፒ የተጫወተ ሰው የሚሠራቸው ጌሞች በጌሙ ውስጥ እየተሰረቁ ድርጅቱ ይከስር ነበር። ሥራቸውን የሚወድዱ ሰዎች የሠሩት ነው፤ ሲቻል ተከፍሎበት ይገዛ።

አሁን ወደምወደው። ኦፕንቲቲዲ ይባላል። በ1995 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን ትራንስፖርት ታይኩን ዴሉክስን መሠረት አድርገው በጎ ፈቃደኞች የሚያሳድጉት ነጻ ጌም ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ አንድሮይድ ላይ የሚሠራ ቅጂም አለ፣ ትንሽ ስክሪን ላይ ግን አድካሚ ነው። በመደበኛው ቅንብር በ1950 በ100,000 ፓውንድ ብድር ትጀምራላችሁ፣ ከዚያ ባቡር፣ አውቶቡስ፣ መርከብ፣ አውሮፕላን ታሰማራላችሁ።

ከሁሉ የሚያስበልጠው አፕግሬዶቹ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። የባቡር ሐዲዱን ወደ ኤሌክትሪክ ስትቀይሩ የድሮዎቹ የእንፋሎትና የናፍጣ ባቡሮች አዲሱ ሐዲድ ላይ መሮጥ ይችላሉ። ዛሬ ሐዲዱን፣ ገንዘብ ሲገኝ ሎኮሞቲቩን ትቀይራላችሁ። ገቢ አይቋረጥም። በጌሙ አቆጣጠር 2000 አካባቢ የሚመጣው ሞኖሬል (በአንድ ሐዲድ ብቻ የሚሄድ ባቡር) ግን ሌላ ነው። አሮጌው ባቡር እሱ ላይ አይሄድም። መስመሩን ለመቀየር ባቡሮቹን ሁሉ ወደ ዴፖ (የባቡር ማቆሚያ ጋራዥ) አስገብታችሁ፣ ሸጣችሁ፣ ሐዲዱን ቀይራችሁ፣ አዲስ መግዛት አለባችሁ። ያ ሁሉ እስኪያልቅ መስመሩ አንድ ሳንቲም አያስገባም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ትልቁን መስመር ባለበት ተዉት፤ እሱ ነው የሚያበላችሁ። ሞኖሬሉን አዲስ በምትከፍቱት መስመር ጀምሩ። አዲሱ ራሱን ሲችል የድሮዎቹን ከትንሹ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ቀይሩ። ፍጥነት ያለው ባቡር ለሁሉም ጭነት እኩል እንደማይጠቅምም አትርሱ። ክፍያው በርቀትና በጊዜ ነው የሚሰላው። መንገደኛ ሲዘገይ ክፍያው ቶሎ ይወርዳል፣ የድንጋይ ከሰል ግን መዘግየትን ይታገሣል። ስለዚህ በአፕግሬዱ መንገደኛው ይቅደም፣ ከሰሉ ይቆይ።

መጠበቅም እዚህ ነጻ አይደለም። ዕድሜው ያለፈ ባቡር አስተማማኝነቱ ይወርዳል፣ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ከኋላው ያለውንም ያስቆማል። ላለማውጣት ብሎ መቆየት ያስከፍላል፣ ተቻኩሎ ማውጣትም ያስከፍላል። ሁለቱንም እኩል የሚያስቀጣ ጌም ጥቂት ነው፤ ይህን አንደኛ የማደርገው ለዚህ ነው።

አራተኛው ሲም ካምፓኒስ ነው። ብራውዘር ላይ ከሌሎች ሰዎች ጋር ይጫወቱታል፤ የገበያውን ዋጋ የሚወስኑት ተጫዋቾቹ ናቸው። ሕንጻ አፕግሬድ ሲደረግ ማምረት ያቆማል። የሕንጻዎቻችሁ ሌቭል በጨመረ ቁጥር ደግሞ የአስተዳደር ወጪው ከፍ ይላል። መስፋፋት ራሱ ወጪ መሆኑን ያሳያል፣ ጥሩ ነው። ኢንተርኔት ስለሚፈልግና ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ግን ትዕግሥት ላለው ሰው ብቻ እጠቁማለሁ።

ከአራቱ ውጭ ስትፈልጉ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አፕግሬዱን ከገዛችሁ በኋላ ሰዓታት አስጠብቀው ጥበቃውን በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጡላችሁን ተዉአቸው። እነዚያ ላይ ዕቅድ ዋጋ የለውም፤ የከፈለ ይቀድማል።

ስልክ ብቻ ላላችሁ አድቬንቸር ካፒታሊስት ይበቃል። ላፕቶፕ ካላችሁ በቀጥታ ኦፕንቲቲዲ አውርዱ። ለመጀመሪያው ካርታ፦ ብድሩን እስከ ጣሪያው ውሰዱ፣ ወለዱ ትንሽ ነው። ከአንድ የከሰል ማውጫ ራቅ ወዳለ የኃይል ማመንጫ አንድ መስመር ዘርጉ፣ ሁለት ባቡር አስገቡና የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ እስኪታይ ሌላ ነገር አትንኩ።