አሸናፊው ፓርቲ አስቀድሞ በሚታወቅበት ግዛት ሴናተሩ የሚፈራው ማንን ነው?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ታላቅ እህቴ የምትኖረው በአሜሪካ ኔብራስካ ግዛት፣ ኦማሃ ከተማ ውስጥ ነው፤ ዜግነት ካገኘች ወዲህም አንድም ምርጫ አላለፋትም። በቅርቡ ስለ 2024ቱ የሴኔት ምርጫ ስታወጋኝ ያልገባኝ ነገር ስላለ ላማክራችሁ ወደድሁ (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ኔብራስካ ለሪፐብሊካን ፓርቲ ያደረ ግዛት መሆኑን እርሷም አትክድም፤ በዚያው ዓመት ዶናልድ ትራምፕ ግዛቱን ያሸነፉት በ20 ነጥብ ገደማ ልዩነት ነው። ይሁን እንጂ በ2012 ተመርጠው ለሁለት የሥራ ዘመን ወንበሩን የያዙት ሪፐብሊካኗ ሴናተር ዴብ ፊሸር፣ ዳን ኦስቦርን የተባሉ የግል ተወዳዳሪ አስጨንቀዋቸው 53 ለ47 በሚጠጋ ውጤት ነው ያለፉት። ኦስቦርን ፖለቲከኛ ሳይሆኑ የፋብሪካ መካኒክ ነበሩ። እኔም በፋብሪካ የጥገና ክፍል የምሠራ በመሆኔ ወሬው ከሌላው ሰው ይልቅ እኔን ሳይስበኝ አልቀረም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ወንበሩ የየትኛው ፓርቲ እንደሆነ አስቀድሞ ከታወቀ፣ በዚያ ግዛት ያለ ሴናተር የሚፈራው ማንን ነው? ደግሞስ ትልቁ ተቃዋሚ ፓርቲ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የማይነቀንቀውን ወንበር ፓርቲ የሌለው ሰው እንዴት ሊያነቃንቀው ቻለ? የሥራ ባልደረቦቼ «እዚያም እዚህም ያው ነው» ብለው ያልፉታል፤ እኔ ግን ያው አልመስልህ አለኝ።

መምህር ዘደሴ፦

ወንድሜ፣ የሥነ ዜጋ ትምህርት ሳስተምር ተማሪዎቼም ይህንኑ ይጠይቁኛል። ልዩነቱ የሚጀምረው የፓርቲው ዕጩ ከሚመረጥበት መንገድ ነው። በእኛ አገር አንድ ፓርቲ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ምርጫ ክልል ማንን እንደሚያቀርብ የሚወስነው በራሱ መዋቅር ውስጥ ነው፤ መራጩ ስሙን የሚያየው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። በአሜሪካ ግን በጥቅምት ወር መጨረሻ ገደማ ከሚውለው ጠቅላላ ምርጫ ወራት ቀደም ብሎ ቅድመ ምርጫ ይካሄዳል፤ የፓርቲውን ዕጩ የሚለዩትም በዚያ ቀን ወጥተው ድምፅ የሚሰጡ ተራ መራጮች ናቸው። ስለዚህ አንድ ፓርቲ ብቻ በሚያሸንፍበት ግዛት ፉክክሩ አይጠፋም፤ ወደ ቅድመ ምርጫው ይዛወራል። ሴናተሩ የሚፈራውም የራሱን ፓርቲ ሰው ነው።

ለዚህ የኢንዲያናው ሪቻርድ ሉጋር ሁነኛ ምሳሌ ናቸው። 36 ዓመት በሴኔቱ የቆዩ፣ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴውን በሊቀ መንበርነት የመሩ፣ ከሳም ነን ጋር በመሆን የቀድሞዋን ሶቪየት ኅብረት የኑክሌር ጦር መሣሪያ ለማስወገድ የረዳውን ሕግ ያስወጡ ሰው ነበሩ። በ2012 ግን በቅድመ ምርጫ በ20 ነጥብ ገደማ ልዩነት ተሸነፉ። ከተቃዋሚዎቻቸው ጋር ተስማምተው መሥራታቸው በፓርቲው ቀኝ ክንፍ ዘንድ እንደ ጥፋት ተቆጠረባቸው፤ በዚያ ላይ የኢንዲያናፖሊስ ቤታቸውን በ1977 ሸጠው ሳለ በዚያው አድራሻ መራጭ ሆነው መቆየታቸው ወጣና የምርጫ ቦርዱ በዚያ አድራሻ መምረጥ አይችሉም ብሎ ወሰነ። አገሩን ለቆ የሄደ ተወካይ የትም አይወደድም። የሚያስገርመው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው፤ እርሳቸውን ያሸነፉት ሪቻርድ ሙርዶክ በጠቅላላ ምርጫው በዴሞክራቱ ጆ ዶነሊ ተሸንፈው ፓርቲው አስተማማኝ ያለውን ወንበር አጣ።

የዩታው ሮበርት ቤኔት ዕጣ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነበር። በ2010 ከተራው መራጭ ፊት እንኳ ሳይቀርቡ፣ በፓርቲው ጉባኤ ላይ የተሰበሰቡ ጥቂት ሺህ ልዑካን አሰናበቷቸው፤ ቂሙም በ2008 ለባንኮች ድጎማ ድጋፋቸውን መስጠታቸው ነበር።

ጦሳ ሥር፦

መምህር ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን የኔብራስካውን ጉዳይ አይፈታውም። ዴብ ፊሸር የ2024ቱን ቅድመ ምርጫ በቀላሉ ነው ያለፉት፤ ጭንቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የዚህ ምክንያት በእኔ እይታ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ከዕጩው ስም አጠገብ የሚጻፈው የፓርቲ ስም ነው። በ2020 በደቡብ ካሮላይና ዴሞክራቱ ጄሚ ሃሪሰን በሦስት ወር ብቻ 57 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰቡ፤ ያን ጊዜ ለሴኔት ዕጩ ተሰምቶ የማይታወቅ ገንዘብ ነበር። ሆኖም ሴናተር ሊንዚ ግራሃም በ10 ነጥብ ገደማ አሸነፏቸው። በዚያው ዓመት በኬንታኪ ሚች ማኮኔልን የገጠሟቸው ኤሚ ማግራትም እንዲሁ በብዙ ገንዘብ ተደግፈው በ20 ነጥብ ገደማ ተሸንፈዋል። ገንዘቡ ማስታወቂያ ይገዛል፤ «ዴሞክራት» የሚለውን ጽሑፍ ከወረቀቱ ላይ አይፍቀውም። የኔብራስካ ዴሞክራቶች ግን በ2024 ለፊሸር ወንበር ዕጩ አላቀረቡም፤ ኦስቦርንም የዴሞክራቶቹን ይፋዊ ድጋፍ አልቀበልም አሉ፤ ፓርቲው ቅር ቢሰኝም ሜዳው ለሁለት ሰዎች ብቻ ቀረ።

ሰውየውም ለዚህ የሚመቹ ነበሩ። በባሕር ኃይል አገልግለው በኦማሃው የኬሎግ ኮርንፍሌክስ ፋብሪካ መካኒክ ሆነው ሠርተዋል፤ በ2021 የመጨረሻ ወራት በኩባንያው አራት ፋብሪካዎች በተካሄደው የሥራ ማቆም አድማ የኦማሃውን የሠራተኛ ማኅበር የመሩት እርሳቸው ነበሩ። በአንጻሩ ፊሸር በ2012 ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ እንደማይቆዩ ቃል ገብተው ነበርና ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀርቡ ይህ ተጠቀሰባቸው። ለአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ የመከራከሪያ ነጥብ አይገኝም።

ያም ሆኖ ተሸነፉ፤ ለምን እንደ ተሸነፉም ማየት ይገባል። ሪፐብሊካኖቹ ሰውየው ካባ የለበሱ ዴሞክራት ናቸው እያሉ ቀሰቀሱባቸው፤ እርሳቸውም ቢመረጡ በሴኔቱ ከየትኛው ወገን ጋር እንደሚሰለፉ አልናገርም ብለው ጸኑ። መራጩ ደግሞ የሚመርጠው ሰውን ብቻ አይደለም፤ ከ100ዎቹ ወንበሮች አብላጫውን ማን እንደሚይዝ፣ ኮሚቴዎቹን ማን እንደሚመራ፣ የዳኞችን ሹመት ማን እንደሚያጸድቅ አብሮ ይመርጣል። በ2014 በካንሳስ የግል ተወዳዳሪው ግሬግ ኦርማን፣ በ2022 በዩታ ኢቫን ማክመለን በዚሁ መንገድ ሞክረዋል፤ በሁለቱም ግዛት ዴሞክራቶቹ ሜዳውን ለቀውላቸው ነበር፤ ሁለቱም በ10 ነጥብ ገደማ ነው የወደቁት። የኦስቦርን ከሁለቱም የተሻለ ነው። ለ2026ም የግዛቱን ሌላኛ ሴናተር ፒት ሪኬትስን ለመገዳደር መነሳታቸውን አስታውቀዋል።

የሰኞ ገበያ ታዛቢ፦

ከሁለታችሁም ተምሬአለሁ፤ ነገር ግን ከወዲያ ያለውን አሠራር አብዝታችሁ አታሞግሱት እላለሁ። በ2022 በድጋሚ ለመመረጥ ከቀረቡት ሴናተሮች በቅድመ ምርጫም ሆነ በጠቅላላ ምርጫ የተሸነፈ አንድም አልነበረም። በቅድመ ምርጫ ቀን የሚወጣው ሕዝብ ከጠቅላላው ምርጫ ያነሰ ነው፤ የሚወጣውም ብዙውን ጊዜ የፓርቲው ቀናኢ ደጋፊ ነው። ታዲያ መምህር «ተራ መራጮች» ያሏቸው ሰዎች ምን ያህል ተራ ናቸው? ሴናተሩም እነዚህን ጥቂቶች ፈርቶ ከሌላው ወገን ጋር ላለመስማማት የሚጠነቀቅ ከሆነ፣ ግዛቱ በሙሉ የሚወከለው በእነርሱ ፍላጎት ልክ ነው ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 እና 54 ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሳ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ምን ያህል ተሠርቶበታል የሚለው ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ግን ይህን መብት ለመራጩ አልሰጠም። የተመረጠ ሴናተር በራሱ ፈቃድ ካልለቀቀ ወይም ሴኔቱ ራሱ ካላባረረው 6 ዓመቱን ይጨርሳል። እስከ 1913 ድረስ ደግሞ ሴናተሮቹን ይመርጡ የነበሩት የየግዛቱ ምክር ቤቶች ነበሩ፤ የእኛ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት ዛሬም በክልል ምክር ቤቶች እንደሚመረጡት ማለት ነው።

መምህር ዘደሴ፦

ስለ ቅድመ ምርጫው መራጮች የተነሳው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ማን በቅድመ ምርጫ ይሳተፍ የሚለውን የሚወስነው የየግዛቱ ሕግ ነውና። በሚሲሲፒ የሌላ ፓርቲ ደጋፊም መግባት ስለሚችል፣ በ2014 ቀኝ ክንፉ ሊጥላቸው የተነሳባቸው ሴናተር ታድ ኮክራን በመለያ ዙሩ የጥቁር ዴሞክራቶችን ድምፅ ጭምር አግኝተው ተርፈዋል። አላስካ ደግሞ ከዚህም አልፋ ሄዳለች። ሊሳ መርካውስኪ በ2010 ቅድመ ምርጫውን ተሸንፈው ሳለ፣ መራጩ ስማቸውን በእጁ እየጻፈ በጠቅላላ ምርጫ መልሶ አስገባቸው። ከዚያም የግዛቱ ሕዝብ በ2020 በሰጠው ድምፅ ሕጉን ለወጠ፤ አሁን የሁሉም ፓርቲ ዕጩዎች በአንድ ቅድመ ምርጫ ቀርበው አራቱ ያልፋሉ፤ መራጩም በጠቅላላ ምርጫው እነዚህን በምርጫው ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል። መርካውስኪ በ2022 በትራምፕ የተደገፉትን ተፎካካሪያቸውን ያሸነፉት በዚህ ሥርዓት ነው። በነባሩ ሕግ ቢሆን ኖሮ ከቅድመ ምርጫው ማለፋቸውን እጠራጠራለሁ።

የቦርከና ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አላህ ያክብርልኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ እህቴ የተመዘገበችው ከየትኛውም ፓርቲ ሳትሆን ነው። የግንቦቱ ቅድመ ምርጫ «የፓርቲዎቹ ጉዳይ ነው» ብላ አልተሳተፈችም። ልክ ናት?

መምህር ዘደሴ፦

እንደ እርሷ የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ ኔብራስካ ውስጥ ግን ፓርቲ የሌለው መራጭም ለሴኔትና ለተወካዮች ምክር ቤት ዕጩዎች የአንዱን ፓርቲ ድምፅ መስጫ ወረቀት ጠይቆ መውሰድ ይችላል። ወረቀቱን ማንም አያቀርብላትም፤ ራሷ መጠየቅ አለባት። ለሚቀጥለው ቅድመ ምርጫ ከቀኑ ቀደም ብላ ኦማሃ ያለችበትን የዳግላስ አውራጃ የምርጫ ጽሕፈት ቤት ትጠይቅ።