የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መያዣውን ካያክ ላይ በምን ልሰረው?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ መላ በሉኝ። ፒያሳ ነኝ። ታኅሣሥ ላይ ዝዋይ ወርጄ በማለዳ ከካያክ (ከጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ) ላይ ቆሮሶ ዓሣ ላጠምድ አስቤያለሁ። የቸገረኝ የዘንግ መያዣው ነው። ካያኩ ፖሊኤትሊን የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ ሲሊኮን አይይዘውም፤ በጥፍር ጫር ሲያደርጉት ተልጦ ይነሳል። በብሎን እንዳላስረው፣ ከውስጥ ዳዶውን ለመያዝ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ የለውም። አንድ ባለሙያ «በሪቬት ምታው» አለኝ፤ ከውጭ በኩል ብቻ ተመትቶ የሚይዝ ማሰሪያ ነው። ውሃ ቢያስገባስ? ከሥሩ ጎማ አድርጎ የሞከረ አለ? ጎማውስ መርካቶ የት ተራ ይገኛል?

ሌላው ብርዱ ነው። ጥጥ ከረጠበ አያሞቅም፣ ስለዚህ ከውስጥ ሱፍ እለብሳለሁ። ጣቶቼን ግን ምን ላድርጋቸው? በወፍራም ጓንት መንጠቆ ማሰር የማይታሰብ ነው። ላይፍ ጃኬት አለኝ፤ ጉማሬ ያለበት ሐይቅ ላይ ያለሱ አልገባም።