በቴሌግራም የጽሑፍ ፍልሚያ ላይ መመታትና አለመመታትን ማን ይወስን? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ደንገል (ሀዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሀዋሳ ሰባት ሆነን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ በጽሑፍ ሮልፕሌይ (እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጽፍበት ጨዋታ) እንጫወታለን። ዓለሙ የራሳችን ከተማና ሐይቅ ነው፤ ዘመኑ ግን የጦርና የአስማት። አንዱ «ፍላጻዬ ደረትህን በስቶ ወጣ፣ ወደቅህ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «አልነካኝም፣ ጥላ ሆኜ አለፍኩ» ይላል። ከዚያ ጨዋታው ቆሞ ክርክሩ ይቀጥላል። ዳይስ እንጠቀም ሲባል ደግሞ ግማሹ «ሉዶ ሊሆን ነው እንዴ?» ይላል። ምናቡን ሳይገድል ፍትሓዊ የሚያደርግ ደንብ ያለው ካለ ይርዳን። ቅዳሜ ደግሞ አምስት ሆነን አንድ የሐይቅ አውሬ ልንገጥም ነው።

ጋሻ_ጃግሬ፦

ወንድሜ፣ ጠቡ የሚመጣው ሁለት ሰው ተካፍሎ መጻፍ ያለበትን አንዱ ብቻውን ስለሚጽፈው ነው። ጉግስን አስብ፤ አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል፣ ጋሻውን የሚያነሣው ተሳዳጁ ነው። አሳዳጁ የሌላውን ጋሻ ይዞ «አላነሣኸውም» አይልም። በጽሑፍም አጥቂው የሚጽፈው ሙከራውን ብቻ ይሁን። የደረሰውን ጉዳት የሚጽፈው የተመታው ሰው ነው።

የአንተን ምሳሌ ላስተካክለው። አጥቂው፦ «ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተንበርክኬ ፍላጻውን ወደ ቀኝ ትከሻህ ለቀቅኩት፤ ማዕበሉ ግን እጄን እያናወጠው ነው።» ተከላካዩ፦ «ጋሻዬን ዘግይቼ አነሣሁ። ፍላጻው ጠርዙን ገጭቶ ክንዴን ሰነጠቀው። ጦሬን አልጣልኩም፣ እግሬ ግን እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተንሸራተተ።» ሁለተኛው ጉዳቱን ተቀበለ፣ በዚያ ላይ ለሚቀጥለው ሰው መግቢያ በር ተወለት። ሙከራ ውስጥ አንድ እንቅስቃሴና አንድ ጥቃት ይበቃል። ሦስት ጥቃት የደረደረ የመጀመሪያው ብቻ ይቆጠርለታል።

«ጥላ ሆንኩ» ለሚለው መድኃኒቱ ከውጊያው በፊት የሚለጠፍ የካራክተር (የምትጫወቱት ገጸ ባሕርይ) ወረቀት ነው። ሦስት ችሎታ፣ አንድ ድክመት፣ አንድ መሣሪያ። ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ችሎታ በውጊያ መሐል አይወለድም። ትልልቅ አስማት ደግሞ አንድ ሙሉ ተራ ዝግጅት ይጠይቅ፤ ተቃዋሚው ዝግጅቱን አይቶ ለማቋረጥ ዕድል ያገኛል። ድክመቱ እውነተኛ ይሁን። «ድክመቴ ደግነቴ ነው» የሚል ሰው ድክመት አልጻፈም።

ስድስት_ስድስት፦

ከላይ ያለው ደንብ የሚሠራው ሁሉም ሲተማመን ነው። መመታትን የማይቀበል አንድ ሰው ካለ ዳይስ ያስፈልጋችኋል። ዳይሱ የሚወስነው «ተሳካ ወይስ አልተሳካም» የሚለውን ብቻ ነው፤ እንዴት እንደሆነ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ።

ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ሁለት ጣሉና ደምሩ፤ የካራክተሩን ብልጫ (ከ0 እስከ 2) ጨምሩበት። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ምት ነው፣ ከተቃዋሚው 2 ነፍስ ይቀነሳል። ከ7 እስከ 9 ምቱ ያርፋል፣ 1 ነፍስ ይቀነሳል፣ ግን አጥቂው አንድ ነገር ይከፍላል፤ ምን እንደሚከፍል የሚጽፈው ተመቺው ነው። 6 እና ከዚያ በታች ከሆነ ስቷል፤ ተቃዋሚው ለሚቀጥለው ሙከራው 1 ይጨመርለታል። ለአንድ ሰው 5 ነፍስ ስጡ።

ሁለት ዳይስ ያልኩት አንዷ ብቻዋን ስለምታዳላ አይደለም። በአንዷ 1ም 6ም እኩል ዕድል አላቸው። ሁለቱ ሲደመሩ ግን ካሉት 36 አጋጣሚዎች 7 በስድስቱ ይመጣል፣ 2 እና 12 እያንዳንዳቸው በአንድ ብቻ። ስለዚህ ውጤቱ መሐል ላይ ይከማቻል፣ ብልጫም ዋጋ ይኖረዋል። ያለ ብልጫ የመሳት ዕድልህ ከ36 በ15 ነው፤ ብልጫህ 2 ሲሆን ወደ 6 ይወርዳል። 4 ብትፈቅዱ ግን የሚስተው ከ36 በ1 ብቻ ነው፣ ያ ሰው አይሸነፍም። ጣሪያውን 2 ያልኩት ለዚህ ነው።

የሐይቅ_ንፋስ፦

ቁጥሩ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን «7 መጣ፣ መታሁህ» ብቻ የሚጻፍበት ግሩፕ አይመቸኝም። ዳይሱ ከመጣሉ በፊት ሙከራው ሙሉ በሙሉ ይጻፍ፤ ከዳይሱ በኋላ የተጨመረ ማሳመሪያ አይቆጠር። እና ቦታውን ተጠቀሙበት። ሀዋሳ እየኖራችሁ ባዶ ሜዳ ላይ መዋጋት ያሳዝናል!

ከተማው ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ወደ ውኃው ዞሮ የሚዋጋ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች፣ ጀርባውን ለሐይቁ የሰጠው ግን በደንብ ያያል። ይህ ብቻውን አንድ ነጥብ ያሰጣል። አሞራ ገደል፣ የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ ላይ፣ የዓሣ ሆድቃ የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች (ትልልቆቹ ወፎች) አሉ፤ ሰው ሲሮጥባቸው በአንድ ጊዜ ሲነሡ ግርዶሽ ይሆናሉ። ታንኳ ላይ የቆመ ከባድ መሣሪያ ሲወዘውዝ ሚዛኑን ያጣል። ደንገል ውስጥ የተደበቀ አይታይም፣ ግን ደንገሉ ይንቀሳቀሳል። ጉማሬ ካስገባችሁ የማንም ወገን አይሁን፤ በእሱና በውኃው መካከል የቆመውን ያጠቃል።

ከውጊያው በፊት ዳኛው አምስት የቦታ ነገሮችን ይለጥፍ፣ ርቀቱንም በእርምጃ። አንዱን ነገር በሙከራው ውስጥ አሳምኖ ላስገባ 1 ነጥብ ይስጥ፤ ነገሩ ግን በአንድ ውጊያ አንዴ ብቻ ያገለግላል። ሁለቴ ከፈቀዳችሁ ሁሉም አባ ኮዳ ሲያስነሣ ይውላል። መክፈቻውን ደግሞ በፉከራ አድርጉት፤ ሦስት አራት ስንኝ፣ ጉዳት የሌለው። የመላእክትንና የቅዱሳንን ስም በመሣሪያነት አታስገቡ፤ ጠቡ ከጨዋታው ይወጣል።

ሻማ፦

የቴሌግራሙን ነገር እኔ ልበል። የዳይሷን ኢሞጂ ብቻዋን፣ ያለ ምንም ጽሑፍ ላካት፤ ከ1 እስከ 6 ራሷ ትወጣለች። ቁጥሩን የሚያወጣው የቴሌግራም ሰርቨር ስለሆነ ላኪው አይመርጠውም፣ ኤዲትም አይደረግም። ማጭበርበሪያው ሌላ ነው፦ መጥፎ ቁጥር ሲመጣ አጥፍቶ እንደገና መጣል፣ ወይም የድሮ 6 ፎርዋርድ ማድረግ። ደንቡ አጭር ይሁን፤ የጠፋ ዳይስ 1 ነው፣ ፎርዋርድ የተደረገም 1 ነው። አድሚን ሪሰንት አክሽንስ (የግሩፑ የቅርብ ጊዜ ድርጊቶች መዝገብ) ውስጥ ገብቶ ባለፉት 48 ሰዓታት የጠፋውንና ኤዲት የተደረገውን ያያል። ሙከራ ከተለጠፈ በኋላ ለፊደል ስሕተት እንኳ ኤዲት አይደረግ።

ጨዋታውንና ወሬውን በሁለት ቶፒክ (በግሩፑ ውስጥ በተለዩ ክፍሎች) ለዩ። ክርክር ካለ ወሬው ቶፒክ ላይ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ዳኛው ይወስናል። መብራትም ኔትወርክም ይጠፋል፤ ስለዚህ የጠፋ ሰው አይገደል። 24 ሰዓት ካለፈ ካራክተሩ «ጋሻውን ይዞ ይጠብቃል»፤ ሲመታ የሚያጣው ቢበዛ 1 ነፍስ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ከጠፋ ከውጊያው በሰላም ይውጣ።

ደንገል፦

ተባረኩ! አውሬው ግን ስንት ነፍስ ይኑረው? እኔ 40 አስቤ ነበር።

ስድስት_ስድስት፦

40 ብዙ ነው። ብልጫው 1 የሆነ ሰው ከ36 በ10 ሁለት ነፍስ፣ በ16 አንድ ነፍስ ይቀንሳል፣ በ10 ይስታል። ሲካፈል በአንድ ተራ ልክ 1 ነፍስ ነው። አምስት ሰው በዙር 5 ይቀንሳል ማለት ነው። 40 ስምንት ዙር ይፈጃል፤ ከአራተኛው በኋላ የሚጽፍ አታገኝም። 15 አድርገው።

ጋሻ_ጃግሬ፦

ነፍሱን ስትቀንስ ተራውን ጨምርለት። አምስት ጊዜ ተመትቶ አንዴ ብቻ የሚመልስ አውሬ በሬ ነው እንጂ አውሬ አይደለም። ከሁለተኛውና ከአምስተኛው ተጫዋች በኋላ ይንቀሳቀስ፤ የሚያጠቃውንም ሰው ከአንድ ተራ በፊት በምልክት አሳይ፣ ለምሳሌ «ውኃው ከጀልባዋ ሥር ጠቆረ»። አውሬው ሲያጠቃ ዳይስ የሚጥለው ተጠቂው ነው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ካመጣ ያመልጣል፣ ከ7 እስከ 9 መሣሪያውን ወይም ቦታውን ያጣል፣ 6 እና ከዚያ በታች 2 ነፍስ ያጣል። ቅዳሜ ፊት ለፊት የምትጫወቱ ከሆነ ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ስጡ። የአውሬው ነፍስ 5 ሲደርስ ወደ ጥልቁ ይሽሽ፤ መከተልና አለመከተል የእናንተ ፈንታ ይሁን።

ደንገል፦

ጀልባ ሁለት ብቻ ነው ያለን። ሦስቱ ዳር ላይ ይቀራሉ?

ጋሻ_ጃግሬ፦

ዳር ያሉት ገመድ ይያዙ። ገመዱንም ከአምስቱ የቦታ ነገሮች አንዱ አድርጋችሁ ቁጠሩት።