የድሮ የቤንዚን ፓምፕ ገዛሁ፤ ቀለሙን ላስነሳው ወይስ ልተወው?

የቨርጂኒያው

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ፔንሲልቬንያ ውስጥ የአንድ እርሻ ቤት ዕቃ ሲሸጥ ሄጄ፣ ጎተራው ጥግ ቆሞ የነበረ የቤንዚን ፓምፕ ገዛሁ። ቶክሃይም የሚባል ኩባንያ የሠራው ሞዴል 39 ነው፤ እላዩ ላይ ያለችው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ትናገራለች። አሜሪካ እንደገባሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ማደያ ውስጥ የሌሊት ካሸር ነበር፤ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ ቢሮው ውስጥ እንዲህ ዓይነት አሮጌ ፓምፕ ነበር። ሌሊት ደንበኛ ሲጠፋ ቁጥሮቹን ቆሜ አያቸው ነበር፤ አንድ ቀን የራሴ ይኖረኛል እያልኩ።

ቀይ ቀለሙ ተልጧል፣ የታችኛው ላሜራ ዝጓል፣ አንዱ መስታወት ተሰብሯል። ቆጣሪው ግን ሙሉ ነው። አብረው አንድ የሞተር ዘይት ማስታወቂያ ታፔላ ሰጡኝ፤ ዳር ዳሩ ተሸራርፏል። ባቲላሜራ የሚሠራ ጓደኛዬ "በአሸዋ እናስነፋውና ስቱኮ መትተን እንደ አዲስ ቀይ እናደርገዋለን፣ ታፔላውንም አብረን" ይለኛል። እኔ ግን ልቤ እሺ አላለም። የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ኦሃዮ ጋራዥ

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! ቆጣሪው ሙሉ ከሆነ ከባዱን ተገላግለሃል።

አሸዋውን ግን ተወው። የፓምፑ በርና ጎኑ ሰፊና ስስ ላሜራ ነው። አሸዋው በኃይል ሲመታው ይለጠጣል፣ ሜዳ የነበረው ይወላገዳል፣ ከዚያ በኋላ የፈለከውን ያህል ስቱኮ ብትመታው ብርሃን ሲያርፍበት ያስታውቃል። የመጀመሪያ ፓምፔን እንዲህ አበላሽቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መጀመሪያ በሩን ከፍተህ ውስጡን እይ። ከቁጥሩ ፊት ዙሪያና ከጎማው መስቀያ ኋላም እይ። እዚያ ፀሐይም ብሩሽም ስለማይደርስ የፋብሪካው ቀለም ይቀራል። ላዩ ላይ ያለው ቀይ ከውስጡ ጋር አንድ ከሆነ አትንካው፤ በለስላሳ ሳሙና አጥበህ ሰም ቀባው፣ በቃ። ሰው ደጋግሞ የቀባው ከሆነ ግን ቀስ እያልክ አንሳ፤ ከሥር የድሮ ኩባንያ ስም ወይም ምልክት ሊወጣልህ ይችላል። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ደስታ የለም።

ለዛጉት ትንንሽ ብረቶች የፕላስቲክ በርሜል፣ ውሃ፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳና የባትሪ ቻርጀር ይበቃሉ። የዛገውን ብረት በኔጌቲቩ፣ የማትፈልገውን ተራ ብረት በፖዘቲቩ ላይ አስረህ ውሃው ውስጥ ታስቀምጣቸዋለህ፤ ሁለቱ እንዳይነካኩ። ሲያድር ዝገቱ ይለቃል፣ ደህናው ብረት አይነካም። ውጭ አየር ላይ ሥራው፤ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው፣ በእሳት ይቀጣጠላል። ፖዘቲቩ ላይ የማይዝግ ብረት አትጠቀም፤ ውሃውን መርዛም ያደርገዋል።

ቆጣሪውን ሳትፈታ ዘይት አጠጥተህ ጥቂት ቀን ተወው። ቆጣሪው ውስጥ ያሉት ጥርሶች ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ የቤንዚን ዋጋ በጋሎን ከ1 ዶላር ሲያልፍ፣ ብዙዎቹ የድሮ ቆጣሪዎች ከ99.9 ሳንቲም በላይ ዋጋ መያዝ አልቻሉም። ማደያዎቹ የግማሽ ጋሎኑን ዋጋ ሞልተው ድምሩን በ2 ያባዙ ነበር። የአንተም እስከዚያ ሠርቶ እንደሆነ የቆመበት ዋጋ ይነግርሃል።

ታፔላ ወዳጅ፣ ዴንቨር

እኔ ስለ ታፔላው ልናገር። እባክህ ቀለም እንዳይነካው!

በማግኔት ሞክረው፤ ከያዘ ብረት ነው። ከዚያ በጥፍርህ የፊደሎቹን ጠርዝ ዳስስ። ፊደሎቹ ከፍ ብለው ከተሰሙህ ቀለም አይደለም፣ ብርጭቆ ነው፤ ብዙ የድሮ ታፔላ እንዲያ ነው። የብርጭቆ ዱቄት ብረቱ ላይ ተነስንሶ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እቶን ውስጥ ይጋገራል፤ እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ስለሚገባ ድርብርቡ በእጅ ይታወቃል። እናቶቻችን ቤት የነበረውን፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነውን ነጭ የብረት ሳህን አስታውስ። ሲወድቅ ይሸረፍና ጥቁር ያወጣ አልነበር? አንድ ነገር ነው። የተሸረፈው ላይ ቀለም ብትቀባ ከብርጭቆው ጋር አይዋሃድም፣ ዋጋውንም ትጥለዋለህ። በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ እጠበው፣ የተሸረፈው ላይ ሰም አድርግ። የሽቦ ብሩሽ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ፣ የብርጭቆ ወረቀት አጠገቡ አይድረሱ።

አስመስለው የሚሠሩም ሞልተዋል። እኔ አንድ ነጋዴ የነዳጅ ኩባንያው የሞቢል ምልክት የሆነው ቀይ ክንፋም ፈረስ ያለበትን ታፔላ "ከአያቴ ጋራዥ የወጣ ነው" ብሎ ሸጦልኛል። ቤት ወስጄ ሳየው ሽርፋቱ በሙሉ ብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ነው፣ እኩል እኩል፣ በመዶሻ የተመታ። ዝገቱም ገና ትኩስ ብርቱካንማ። የእውነተኛው እርጅና እንዲያ ተመጣጥኖ አይመጣም፤ አሮጌ ዝገት ይጠቁራል፣ ወደ ውስጥ ይበላል። በጣም ነበር ያዘንኩት። ጀርባውን አዙረህ ሳታይ ዋጋ አትጠይቅ።

ሰላም ከአትላንታ

አንድ ነገር ልጨምር። ቱቦው ውስጥ የቀረ ቤንዚን ወይም ትነቱ ሊኖር ይችላል፤ ሳታፈስና በደንብ ሳታናፍስ ብየዳም ሆነ ግራይንደር አታስጠጋ። ኤሌክትሪኩንም እንዳትሰካ። ደግሞ የዚያ ዘመን ቀለም ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል። በደረቁ አትፈግፍገው፣ ማስክ አድርግ፣ ልጆች ካሉህ ከጋራዡ አርቃቸው።

የቨርጂኒያው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ትናንት ማታ ባትሪ ይዤ በሩን ከፈትኩት። ውስጡ ቀይ አይደለም! አረንጓዴ ነው፣ ንጹሕ አረንጓዴ። ውጪውን በጥፍሬ ትንሽ ስነካው ከቀዩ ሥር ነጭ፣ ከነጩ ሥር ያው አረንጓዴ ወጣ። ቆጣሪው 31.9 ሳንቲም ላይ ነው የቆመው። ታፔላውን ማግኔት ያዘው፣ ፊደሎቹም በጥፍር ይታወቃሉ፤ አጥቤው ሳሎን አስገባሁት። የተሰበረውን መስታወት የት እንደማገኝ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።

ኦሃዮ ጋራዥ

አረንጓዴው ደስ ሲል! የመስታወቱን ልክ በሚሊሜትር ለክተህ ላክልኝ። ኢንዲያና ውስጥ ፎርት ዌይን አካባቢ የሚካሄዱ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎችንም ተከታተል። ቦውዘር፣ ዌይንና ቶክሃይም የተባሉት ኩባንያዎች ሦስቱም ፓምፕ የሠሩባት ከተማ ናት፤ እኔ ለሦስት ፓምፖቼ ዕቃ ያገኘሁት በዚያው በኩል ነው።

የቨርጂኒያው

ለክቼ እልክልሃለሁ። ጓደኛዬም ቅዳሜ ይመጣል፤ አሸዋውን ትቶ ካቻቢቴና ዘይት ብቻ ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።