የእናቴ ጣሪያ አረንጓዴ ለብሷል፤ ሳልወድቅ እንዴት ላጽዳው?

ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ ቤት ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። ክረምቱን ሙሉ ጉምና ዝናብ ሲፈራረቅበት የከረመው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የባሕር ዛፉ ጥላ በሚያርፍበት በኩል አረንጓዴ አልጌ ለብሷል። ቆርቆሮው በተነባበረበት ቦታ ደግሞ እንደ ስፖንጅ ውሃ የቋጠረ የድንጋይ ሽበት በቅሏል፤ በጣቴ ሳነሳው ከሥሩ ዝገት ጀምሯል። ሆዴን ያባባው እሱ ነው፤ እናቴ ይህን ቆርቆሮ ያለበሰችው እንጀራ ሸጣ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ታናሽ ወንድሜ መጥረጊያ ይዞ ወጣ። ሁለት እርምጃ ሳይራመድ አዳለጠው፤ ደግነቱ መሰላሉን ያዘ። ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲወጣ አልፈቀድኩም።

ጎረቤቶች በረኪና ድፉበት ይላሉ። በረኪና ግን ቆርቆሮው የተለበጠበትን ዚንክ ይበላል፤ በዚያ ላይ ከአሸንዳው የሚወርደውን ውሃ በሮቶ አጠራቅመን ልብስ እናጥብበታለን፣ በጎቹም ይጠጡታል። የሽቦ ብሩሽም ይቧጭረዋል ብዬ ተውኩት።

እባካችሁ፣ ሠርታችሁት የምታውቁ ንገሩኝ፦ ለስላሳ ብሩሽና ውሃ ብቻ ይበቃል? እንዳልወድቅ የምታሰርበትን ገመድ ምን ላይ ልሰር? የምረግጠውስ ሚስማር የተመታበትን መስመር ብቻ ነው? ጸረ ዝገት ቀለሙንስ ጥቅምት ላይ፣ ቆርቆሮው በደንብ ሲደርቅ ብቀባው ይሻላል?